«ለጊዜው አይስማማንም» የሚለው ደብዳቤ ምን ይላል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ አራት ዓመት ድራማ ስትጽፍ ቆይታለች። ባለፈው ዓመት አንድ የ45 ደቂቃ የሬዲዮ ድራማ ለሦስት ጣቢያዎች ላከች። አንደኛው ጣቢያ በሦስት መስመር «ለጊዜው ከፕሮግራማችን ጋር የሚስማማ ሆኖ አላገኘነውም» ሲል መለሰላት። ሁለተኛው 9 ወር ሙሉ ድምፁን አጠፋ። ከሦስተኛው ጣቢያ አንዲት የድራማ አርታኢ ግማሽ ገጽ ጻፈችላት፤ ቃለ ተውኔቱ ሕይወት እንዳለው፣ ነገር ግን ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ምን እንደምትፈልግ እስከ 20ኛው ገጽ እንደማይታወቅ፣ በዚህ መልኩ ሊቀበሉት እንደማይችሉ፣ ሌላ ሥራ ካላት ግን ብታየው ደስ እንደሚላት ነገረቻት። «ያስለቀሰኝ ይህኛው ነው» ትላለች ጠያቂዋ። «ሌሎቹ አላነበቡትም ብዬ ተጽናንቼ ነበር፤ ይህች ግን አንብባ ነው የመለሰችው።» የምትጠይቀው ሦስት ነገር ነው፦ ተሰጥኦ የለኝም ማለት ነው? ሌሎች ይህን እንዴት ይችሉታል? መተው ያለብኝስ መቼ ነው? የድራማዋንም የመጀመሪያ ገጾች አያይዛልኛለች። «እርስዎ ከሚሉኝ አንቺ ቢሉኝ ይቀለኛል» ስላለችኝ እንደ ቃሏ አደርጋለሁ።

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ቆጠራሽን ላርም። ሦስት ጊዜ ውድቅ ተደረግኩ ብለሻል። የደረሰሽ ግን ሦስት የተለያየ ነገር ነው። የመጀመሪያው ስለ አንቺ ምንም የማይናገር ደብዳቤ ነው። ሁለተኛው ከነጭራሹ መልስ አይደለም። ሦስተኛው ደግሞ አንድ ጀማሪ ጸሐፊ ከጣቢያ ሊያገኝ ከሚችለው ሁሉ ከውል ቀጥሎ ትልቁ ነው፤ አንቺም ያለቀስሽው በዚህኛው ላይ ነው። ልቅሶሽን አልነቅፍም፤ እመለስበታለሁ። ነገር ግን የተባለውን በልኩ ማንበብ ካልተለማመድሽ፣ ባልተባለ ነገር ስትቆስዪ ትኖሪያለሽ።

እኔ ለአንድ ጣቢያ ከውጭ የሚላኩ የድራማ ጽሑፎችን 11 ዓመት አንብቤአለሁ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የራሴን ጽሑፎች ለሌሎች ልኬ ተመልሰውብኛል። ስለዚህ የላኪውንም የተቀባዩንም ወንበር አውቃቸዋለሁ።

ጽሑፍሽ ጣቢያ ሲደርስ መጀመሪያ የሚያገኘው ሰው ውሳኔ ሰጪ አይደለም፤ አንባቢ ነው። አንባቢው አንድ ገጽ ግምገማ ይጽፋል። ታሪኩን በጥቂት መስመር ያጠቃልላል፣ የሚበረታውንና የሚደክመውን ይገልጻል፣ በመጨረሻም ከሦስት አንዱን ያሰፍራል፦ ይመለስ፣ ይታሰብበት፣ ይወሰድ። «ይወሰድ» ብዬ የጻፍኩባቸውን ጊዜያት በሁለት እጆቼ ጣቶች እቆጥራቸዋለሁ። «ይታሰብበት» የተባለው ወደ አርታኢው ይሄዳል፤ ከአርታኢው ወደ ፕሮዲዩሰሩ፣ ከፕሮዲዩሰሩ ምን እንደሚገዛ ወደሚወስነው ኃላፊ ያልፋል፤ ኃላፊውም የስርጭት ሰንጠረዡንና በጀቱን አይቶ ይወስናል። ጽሑፉ በማንኛውም ደረጃ ላይ ሊቆም ይችላል። የትም ይቁም የት፣ ለጸሐፊው የሚላከው ደብዳቤ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ያቺው ሦስት መስመር ናት።

በእኛ ጣቢያ ያቺን ሦስት መስመር ያረቀቅኳት እኔ ነኝ። በሦስተኛው ገጽ ላይ ለዘጋሁት ጽሑፍም ሄዳለች፤ ሌሊቱን አንብቤ ጨርሼ በማግስቱ ስብሰባ ላይ ለተሟገትኩለት ጽሑፍም ሄዳለች። ከእነዚህ አንዱን እስከ ዛሬ አልረሳውም። በአንድ ረጅም ድልድይ ሁለት ጫፍ የሌሊት ጥበቃ የሚሠሩ ሁለት ሰዎች ታሪክ ነበር። ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም፤ በመገናኛ ሬዲዮ ብቻ እየተነጋገሩ ስድስት ወር አብረው ይሠራሉ። ለጆሮ የተፈጠረ ታሪክ ነበር። ስብሰባው ላይ ያልወደደው ሰው አልነበረም። በዚያው ሳምንት ግን የ45 ደቂቃው የድራማ ሰዓት ወደ 30 ደቂቃ እንዲያጥር ተወሰነ፤ አዲስ ግዢም እስከ ቀጣዩ ዓመት ታገደ። ጽሑፉ ተመለሰ። ጸሐፊውም «ለጊዜው ከፕሮግራማችን ጋር የሚስማማ ሆኖ አላገኘነውም» የሚል ደብዳቤ ደረሰው። ቃሉ ሐሰት የለበትም፤ ሰውየው ግን ምን ብሎ እንዳነበበው መገመት አያዳግተኝም። ከዚያ ወዲህ ምንም አልላከልንም። ሁለት መስመር በእጄ ጽፌ ብጨምርለት ኖሮ እያልኩ ዛሬም ይቆጨኛል።

እንዲህ ያሉ ምክንያቶች ብዙ ናቸው። ተመሳሳይ ታሪክ ያለው ድራማ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በዝግጅት ላይ ይሆናል። ኃላፊው ተቀይሮ አዲሱ ሰው የቀድሞውን ዕቅድ በሙሉ አቁሞት ይሆናል። ቴሌቪዥን ሲሆን ደግሞ ወጪው አለ፤ 14 የመቅረጫ ቦታ፣ የሌሊት ዝናብና 200 አጃቢ ተዋናይ የሚፈልግ ድራማ ከማይታወቅ ጸሐፊ ሲመጣ አንባቢው ገና ገጹን ሲገልጥ ዋጋውን ያሰላል። በሬዲዮ ጎርፍ የሚጠይቀው ጥሩ የድምፅ ባለሙያ ብቻ ነው፤ በቴሌቪዥን ያው ጎርፍ በጀቱን ጠራርጎ ይሄዳል።

ይህን የምነግርሽ የተመለሰ ጽሑፍ ሁሉ ጥሩ ነው ለማለት አይደለም። ካነበብኳቸው አብዛኞቹ መመለስ ነበረባቸው፤ ብዙዎቹም ከጅምራቸው። በፊልምና በቴሌቪዥን አጻጻፍ አንድ ገጽ ወደ አንድ ደቂቃ ግድም ይሰላል፤ ሬዲዮም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የቢቢሲ የጸሐፊዎች ክፍል ለሁሉም ክፍት በሆነው ጥሪው በሺዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎች ሲደርሱት፣ በመጀመሪያው ማጣሪያ ለዓመታት ሲነበቡ የቆዩት የእያንዳንዱ የመጀመሪያ 10 ገጾች ናቸው። ጸሐፊዎች ይህን ሲሰሙ እንደ ጭካኔ ይቆጥሩታል። ሬዲዮ የከፈተው ሰው ግን አሥር ደቂቃም አይታገስም፤ አንባቢው የሚያደርገው የዚያን ሰው ጆሮ ተውሶ መቀመጥ ነው። ለማለት የፈለግኩት፣ ባለ ሦስት መስመሩ ደብዳቤ ጽሑፍሽ በሦስተኛው ገጽ ይዘጋ ወይም እስከ ኃላፊው ድረስ ይሂድ አይነግርሽም። ምንም መረጃ የለውም። ምንም መረጃ ከሌለው ነገር ደግሞ ስለ ተሰጥኦሽ ፍርድ ልታወጪበት አትችዪም። መዝግቢውና እለፊው።

ስለ ዝምታው። መጀመሪያ አንድ ነገር አረጋግጪ፦ ያ ጣቢያ ሳይጠራ የመጣ ጽሑፍ ይቀበላል? ብዙ ጣቢያዎችና የፊልም ኩባንያዎች በወኪል ወይም በግልጽ ጥሪ ካልመጣ በቀር ፖስታውን ሳይከፍቱ ያስቀምጡታል ወይም ይመልሱታል። ምክንያቱ ንቀት አይደለም፤ ሕግ ነው። ነገ ተመሳሳይ ድራማ ቢያሰራጩ «የእኔን ሰረቃችሁ» የሚል ክስ እንዳይመጣባቸው ይፈራሉ። የሚቀበሉ ከሆነ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድ ብዙውን ጊዜ ያስታውቃሉ። ያ ጊዜ ሲያልፍ፣ ካላስታወቁ ደግሞ ሦስት ወር ሲሞላ፣ አንድ አጭር ማስታወሻ ላኪ፦ የጽሑፉ ርዕስ፣ የተላከበት ቀን፣ ደርሶ እንደሆነ የሚጠይቅ አንድ ዓረፍተ ነገር። ለዚያም መልስ ካልመጣ ጉዳዩን ዝጊው። 9 ወር የጠበቅሽው ብዙ ነው። ዝም ያለሽ ሰው ምን እንዳሰበ ማንም አያውቅም፤ ምናልባትም ምንም አላሰበም። በሌሊት ተነሥተሽ የምትሰሚው ፍርድ ሁሉ የራስሽ ድምፅ ነው።

የስርቆት ነገር ከተነሣ አንድ ቃል ልጨምር። ጽሑፍሽ በተመለሰ በስድስተኛው ወር የአንቺን የሚመስል ድራማ ትሰሚ ይሆናል፤ ያኔ ደምሽ ይፈላል። የቅጂ መብት በመሠረቱ የሚጠብቀው የተጻፈውን አገላለጽ ነው፤ «ለአባቷ ድምፅ ስትል ወደ ቤቷ የተመለሰች ሴት» የሚለውን የድራማሽን ባዶ ሐሳብ ማንም በግሉ አይይዘውም። በስድስት ወር ውስጥ አየር ላይ የዋለ ድራማ ደግሞ አንቺ ከመላክሽ በፊት የተገዛ የመሆን ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ረቂቆችሽን ከነቀናቸው አስቀምጪ፤ ከዚያ በላይ ግን በጥርጣሬ አትኑሪ። ጥርጣሬ የያዘው ጸሐፊ መላክ ያቆማል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ደብዳቤ እንምጣ፤ ዋናው ነገር እዚህ ነው።

ጣቢያ ውስጥ ተቀምጦ ለማይፈልገው ሰው ግማሽ ገጽ የሚጽፍ የለም። ጊዜ የለንም። ሁለተኛ፣ አስተያየት መጻፍ ክርክር ይጠራል፤ ጸሐፊው ይናደዳል፣ አራት ገጽ መልስ ይልካል፣ ስልክ ይደውላል። በዚህ የተነሣ ብዙ ጣቢያዎች ለተመለሰ ጽሑፍ አስተያየት እንዳይሰጥ ይከለክላሉ። ያቺ አርታኢ ያን ሁሉ እያወቀች ነው የጻፈችልሽ። «ሌላ ሥራ ካለሽ ባየው ደስ ይለኛል» የሚለው ቃል ደግሞ የይሉኝታ ቃል አይደለም። እኔ ይህን ዓረፍተ ነገር ሳላምንበት ጽፌ አላውቅም፤ የጻፍኩለት ሰው በእርግጥ እንደሚልክልኝ አውቃለሁና።

የላክሽልኝን ገጾች አንብቤአለሁ። ራሔል ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ አባቷ ቤት ትመጣለች፤ ወንድሟ ዮናስ በሩን ይከፍትላታል።

ዮናስ፦ ደወሉ ከተበላሸ ቆየ። በሩን መደብደብ ነበረብሽ።
ራሔል፦ ደበደብኩ እኮ።
ዮናስ፦ ቀስ ብለሽ ነዋ። እንደዚያ የሚያንኳኳ እንግዳ ነው።

«እንደዚያ የሚያንኳኳ እንግዳ ነው።» ይህን መስመር የጻፈ ሰው ስለ ተሰጥኦው እኔን መጠየቅ የለበትም። ቂሙም ናፍቆቱም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለ፤ አርታኢዋም ቃለ ተውኔቱ ሕይወት አለው ያለችው ይህንን አይታ ነው። ከዚህ በኋላ ግን ወንድምና እህት ስለ ሻንጣው፣ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ጎረቤቱ ውሻ ያወራሉ። ጨዋታቸው ደስ ይላል። ራሔል የመጣችው የሟች አባቷ ድምፅ የተቀዳበትን ካሴት ፍለጋ እንደሆነ የምንሰማው ግን 20ኛው ገጽ ላይ ነው። አንቺ ይህን ያደረግሽው ምሥጢሩን ለመጠበቅ ይመስለኛል። አድማጩ ግን ምሥጢር እንዳለ አያውቅም፤ ስለዚህ አይጠብቀውም። የሚሰማው ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ሞክሪ። ምንም ሳትሰርዢ፣ ከሻንጣው ወሬ በፊት እነዚህን ሦስት መስመሮች አስገቢ።

ራሔል፦ ካሴቱ አሁንም አባባ ክፍል ነው ያለው?
ዮናስ፦ መጀመሪያ ሻንጣሽን አስቀምጪ።
ራሔል፦ ዮናስ። ካሴቱስ?

ከዚህ በኋላ የጻፍሽውን ስለ ጣሪያና ስለ ውሻ የሚወራውን ሁሉ እንደገና አንብቢው። ቃሉ አልተለወጠም፤ ነገሩ ግን ሁሉ ተለውጧል። ዮናስ አሁን የሚያወራው ለመሸሽ ነው። አድማጩም በየመስመሩ ሥር «ካሴቱን ምን አድርጎት ነው?» እያለ ያዳምጣል። አርታኢዋ የጠየቀችሽ ይህንን ነው። ድራማውን አፍርሰሽ እንደገና እንድትጽፊ አልጠየቀችም፤ ግማሽ ቀን የሚፈጅ ሥራ ነው።

አንባቢ የሚሰጥሽ መድኃኒት ሁልጊዜ ትክክል አይደለም፤ የሚያመለክትሽ ሕመም ግን አብዛኛውን ጊዜ አለ። እኔ ሦስት ዓምድ ያለው ደብተር ነበረኝ፦ ለማን ላክኩ፣ ምን ተባልኩ፣ ምን አደረግኩ። አምስት ስድስት መልስ ከተሰበሰበ በኋላ መሃለኛውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች አነበዋለሁ። የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ጣታቸውን ካሳረፉ፣ አንዱ «ረዝሟል» ሌላው «አልገባኝም» ቢልም፣ ያ ቦታ ታሟል። አንድ ሰው ብቻ የተናገረውን ደግሞ ጽፌ አቆየዋለሁ እንጂ ወዲያው አልታዘዘውም። ለእያንዳንዱ አስተያየት የሚታጠፍ ጽሑፍ በአራተኛው ረቂቅ የማንም አይሆንም።

ስለ ልቅሶሽ። በ2003 እ.ኤ.አ. ናኦሚ አይዘንበርገር፣ ማቲው ሊበርማንና ኪፕሊንግ ዊሊያምስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ«ሳይንስ» መጽሔት ያወጡት አንድ ጥናት አለ። ሰዎችን የአንጎል መመርመሪያ ማሽን ውስጥ አስተኝተው በኮምፒውተር የኳስ ቅብብል ጨዋታ አጫወቷቸው። ተሳታፊዎቹ ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር የሚጫወቱ መስሏቸዋል። ትንሽ ቆይቶ ሁለቱ እርስ በርስ ብቻ እየተቀባበሉ ለሦስተኛው ኳሷን መስጠት አቆሙ። በዚያን ጊዜ ከአካል ሕመም ጋር የሚያያዝ የአንጎል ክፍል በተገፉት ሰዎች ላይ ሲነቃ ታየ። የማያውቁት ሰው የሥዕል ኳስ ስለነፈጋቸው ብቻ! አንቺ የላክሽው የአራት ዓመት ሌሊት ነው። የሰው ፊት እሳት ነው የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ «ጠንካራ ሰው አይጎዳውም» የሚለውን ተይው፤ ይጎዳል። የሚያስፈልግሽ የተጎዳሽ ቀን ምን እንደማታደርጊ አስቀድመሽ መወሰን ነው።

እኔ ደብዳቤ በደረሰኝ ቀን አልመልስም፤ ጽሑፉንም አልከፍትም። ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። አንድ ጊዜ የተከታታይ ድራማ ጽሑፍ ተመልሶብኝ፣ በዚያው ምሽት ቁጭ ብዬ ሦስተኛውን ክፍል ከኮምፒውተሬ አጠፋሁት፤ በዚያች ሌሊት እያንዳንዱ መስመር የሞተ መስሎ ታየኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ፕሮዲዩሰር ሦስቱንም ክፍሎች ላክልኝ አለኝ። እንደገና ጻፍኩት፤ የመጀመሪያውን ያህል ግን አልሆነም፤ እኔም እሱም አወቅነው። አሁን ደብዳቤው ሲደርሰኝ አንብቤ በደብተሬ እመዘግበዋለሁ፣ ከዚያ ለሦስት ቀን ከጠረጴዛዬ አርቀዋለሁ። በአራተኛው ቀን እንደ ሌላ ሰው ደብዳቤ አነበዋለሁ። አንዳንዴ በመጀመሪያው ቀን ያላየሁት ዓረፍተ ነገር ይገኝበታል። ያንቺንም እንዲህ አንብቢው፤ «ሌላ ሥራ ካለሽ» የሚለውን ልቅሶው ሸፍኖብሽ እንደሆነ ይሰማኛል።

ለቤተሰብና ለጓደኛ ማሳየትም ደግ ነው። «ጥሩ ነው?» ብለሽ ግን አትጠይቂ፤ የሚወድሽ ሰው ምን ሊል ይችላል? «ሐሳብሽ የሸሸው የት ላይ ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ከዚህም የሚሻለው ሁለት ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብልሽ ማድረግ ነው፤ ተዋናይ ባይሆኑም ግድ የለም። የሬዲዮ ድራማ በወረቀት ላይ ሲታይና በጆሮ ሲሰማ ሁለት ነገር ነው፤ አንባቢው የሚሰናከልበት መስመር ተዋናዩንም ያሰናክለዋል።

ሌሎች እንዴት እንደቻሉት ጠይቀሻል። ስለ ታላላቆቹ ብዙ ተረት ስለሚወራ፣ በማስረጃ የሚታወቁ ሁለት ብቻ ላንሣ፤ እኔ በእነርሱ ላይ የማየውን ነገር ጨምሬ።

በ1974 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ተዋናይ ጆን ክሊስና ኮኒ ቡዝ ስለ አንድ ሆቴል የሚያወራውን የ«ፎልቲ ታወርስ»ን የቴሌቪዥን ኮሜዲ ጽሑፍ ለቢቢሲ አቀረቡ። የኮሜዲ ክፍሉ አንድ አርታኢ የተለመዱ ነገሮችና የተለመዱ ገጸ ባሕርያት ስብስብ ነው፣ መጨረሻውም አያምርም የሚል ማስታወሻ ለኃላፊው ጻፈ። ድራማው ግን ተሠርቶ በ1975 አየር ላይ ዋለ። 12 ክፍል ብቻ ነው ያለው፤ በ2000 የብሪታንያ ፊልም ተቋም የሙያውን ሰዎች ድምፅ ሰብስቦ ባወጣው የ100 የብሪታንያ ቴሌቪዥን ሥራዎች ዝርዝር አንደኛ ሆነ። ይህ ታሪክ የሚነገረው አርታኢዎች ዕውሮች ናቸው ለማለት ነው። እኔ ግን ያን አርታኢ አዝንለታለሁ። የቀረበለት ወረቀት ነው፤ የዋናው ተዋናይ የክሊስ ቁመትና ቁጣ ወረቀቱ ላይ የለም። ድራማው የተሠራው ደግሞ ክሊስ በዚያን ጊዜ በቴሌቪዥን አስቀድሞ የታወቀ ሰው ስለነበረ ነው ብዬ አምናለሁ። አንቺ ፊትሽ ዋስ አይሆንሽም፤ ሁሉንም የሚሸከመው ወረቀትሽ ነው። ስለዚህ «ክሊስንም ውድቅ ብለውታል» የሚለው ማጽናኛ ለአንቺ ብዙም አይጠቅምም። የሚጠቅምሽ፣ ሥራውን በሚያውቅ ሰው በቅንነት የተሰጠ ፍርድም ሊሳሳት እንደሚችል ማወቁ ነው።

ሁለተኛው ይበልጥ ይጠቅምሻል። አሜሪካዊው ጸሐፊ ማቲው ዋይነር ለሌሎች ሰዎች ኮሜዲ ድራማ በመጻፍ እየተዳደረ፣ በትርፍ ጊዜው የ«ማድ ሜን»ን፣ የአንድ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማን፣ የመጀመሪያ ክፍል ጻፈ፤ ጊዜው 2000 እ.ኤ.አ. ገደማ ነበር። ድራማውን የሚገዛ አላገኘም። ያው ጽሑፍ ግን የዝነኛው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ድራማ የ«ዘ ሶፕራኖስ» ፈጣሪ የሆነው ዴቪድ ቼዝ እጅ ገባ፤ ቼዝም አንብቦ ዋይነርን በጸሐፊነት ቀጠረው። «ማድ ሜን» አየር ላይ የዋለው በ2007 ነው። በእነዚያ ዓመታት ያ ጽሑፍ ያልተሸጠ ጽሑፍ ነበር፤ ለጸሐፊው ግን ሥራ አስገኝቶለታል። ይህን ልብ በዪ፤ የምትልኪው ድራማ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ ለሽያጭ የቀረበ ሥራ ነው፣ ሁለተኛ ምን መጻፍ እንደምትችዪ የሚያሳይ ናሙና ነው። እንደ ሽያጭ የተመለሰው እንደ ናሙና ተቀባይነት አግኝቶ ይሆናል። ያቺ አርታኢ የሬዲዮ ድራማሽን አልገዛችም፤ አንቺን ግን ዝርዝሯ ውስጥ አስገብታሻለች።

ተሰጥኦ የለኝም ማለት ነው ወይ ላልሽው፣ እኔ በ11 ዓመት የሞላሁት የግምገማ ቅጽ ላይ ስለ ጸሐፊው ተሰጥኦ የሚጠይቅ ቦታ አልነበረም። የሚጠየቀው ስለዚያ ጽሑፍ ብቻ ነው። ስለ ራስሽ ማወቅ ከፈለግሽ ከአራት ዓመት በፊት የጻፍሽውን አውጪና የመጀመሪያውን ትዕይንት ከራሔልና ከዮናስ አጠገብ አኑሪው። ስሕተቱን ዛሬ በአንድ እይታ ካየሽው፣ በአራት ዓመት ውስጥ መንገድ ሄደሻል። የማይታይሽ ከሆነ ያኔ ኮርስ፣ የጸሐፊዎች ቡድን ወይም የሚያስተምር ሰው ፈልጊ፤ ለብቻ መሄድ አልበቃም ማለት ነው።

መተው የሚገባው መቼ ነው? ሁለት ድካሞች አሉ፤ አታቀላቅያቸው። አንዱ የመላክ ድካም ነው፤ መጻፉን ትወጂዋለሽ፣ ፖስታው ግን ሆድሽን ይበላዋል። ይህ ከሆነ መላኩን ስድስት ወር አሳርፊው፣ መጻፉን ቀጥዪ። ሌላው ከጽሑፉ ከራሱ የሚመጣ ነው፤ ደብዳቤ ሳይመጣ፣ ማንም ሳያስከፋሽ፣ ሳትጽፊ ከርመሽ ምንም ያልናፈቀሽ እንደሆነ። ያኔ ብትተዪው ውርደት የለበትም። መጻፍ ትተው ከማውቃቸው አንዱ ዛሬ የድራማ ድምፅ ባለሙያ ነው፤ አንዷ ደግሞ ካየኋቸው አርታኢዎች ሁሉ የተሻለች ናት። ውሳኔውን ግን ደብዳቤ በደረሰሽ ሳምንት አትወስኚ። የጻፍሽልኝን ቃል ሳየው ግን አንቺ የደከምሽው ከመጠበቅ ነው።

ለመጠበቅ ያገኘሁት አንድ መላ ብቻ ነው፦ አንዱን ከመላኬ በፊት የሚቀጥለውን እጀምራለሁ፤ ቢያንስ አሥር ገጽ። ደብዳቤው ሲመጣ ልቤ ግማሹ ሌላ ታሪክ ውስጥ ስለሚሆን ጉዳቱ ይቀንሳል። ደስ የሚል ደብዳቤ ቢመጣም ይጠቅማል፤ የወደደሽ ጣቢያ ቀጥሎ የሚጠይቅሽ «ሌላ ምን አለሽ?» ብሎ ነውና። ባዶ እጅ ሆኖ ይህን ጥያቄ መስማት ከመመለስ ባልተናነሰ ይቆጫል፤ ደርሶብኛል።

ከዚህ ሳምንት የሚጠበቅብሽ ይህ ነው። ለሁለተኛው ጣቢያ አንድ አጭር ማስታወሻ ላኪና በደብተርሽ «ተዘግቷል» ብለሽ ጻፊ። የካሴቱን ጥያቄ ወደ ሁለተኛው ገጽ አምጪው፤ ሁለት ሰው እንዲያነብልሽ አድርጊ። ለአርታኢዋ ደግሞ አሁኑኑ አራት መስመር ጻፊላት፤ አትከራከሪ፣ አታብራሪ፣ ስለ ልቅሶሽም አትንገሪያት። «ጊዜ ወስደው ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። ስለ ራሔል ያሉት ትክክል ነው፤ ጽሑፉን በዚያው መሠረት እያስተካከልኩ ነው። አዲስ የ45 ደቂቃ ድራማ በመጻፍ ላይ ነኝ፤ በሦስት ወር ውስጥ እልክልዎታለሁ።» ይበቃል። ከዚያ ቀኑን ጠብቂ፤ አርታኢዎች ቦታ ይቀያይራሉ፣ ከዓመት በኋላ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጥ ይሆናል። ስትልኪላት አዲሱን ድራማ ብቻ ላኪ፤ የካሴቱን ካልጠየቀችሽ አታያይዢው። ከጠየቀችሽ ግን በዚያው ቀን እንድትልኪው ተስተካክሎና ተነብቦ ይጠብቅሽ።